ስለ ታሸጉት ጠጠሮችና አጠራጣሪ ሆኖ ስለ ተገኘው ንጹሕ ውሃ

ቀን፦ ኅዳር 3

ለወንዞችና ፍሳሽ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በማቅለሚያ ቤታችን የውሃ ማጣሪያ ላይ የተደረገው እሽግ እንዲነሣ፣ ይህ የማይቻል ከሆነም አልጋዬ ሥር ላለው ቀለም ሕጋዊ ማረፊያ እንዲመራልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች በአንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ቤት የጥራት ክፍል ኃላፊ ስሆን፣ በኬሚስትሪ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያለኝ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝና እስከ ዛሬ ለማንኛውም ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ጽፌ የማላውቅ ሰው ነኝ። ያልጻፍኩት የሚከፋኝ ነገር ጠፍቶ አይደለም፤ ይስተካከላል ብዬ ስጠብቅ ነው። ፍሬ ነገሩን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ጨርቅ ሲነከር ቀለሙ ሁሉ ጨርቁ ላይ አይቀርም። ከፊሉ ከማጠቢያው ውሃ ጋር ይወጣል። ይህ ውሃ እኔ ከመቀጠሬም በፊት ጀምሮ ከግቢያችን ጀርባ ባለው ቱቦ ወደ ወንዙ ሲወርድ ኖሯል። ቀይ ስንነክር ቀይ ይወርዳል፣ ሰማያዊ ስንነክር ሰማያዊ። ከበታቻችን ያሉ ሰዎች ምን ትዕዛዝ እንደያዝን ከሽያጭ ክፍላችን ቀድመው ያውቃሉ። የትምህርት ቤት መከፈቻ መቃረቡን የሚነግራቸው ልጆቻቸው ሳይሆኑ ወንዙ ነው፤ የደንብ ልብሱ ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ።

2. ከበታቻችን ካሉት ሰዎች አንዷ ታላቅ እኅቴ ናት። ይህን የምጠቅሰው የቤተሰብ ወሬ ለማስገባት አይደለም። የጽሕፈት ቤትዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ አመልካች ሁሉ ከጉዳዩ ጋር ያለውን ግንኙነት እንዲገልጽ ያዝዛል። ግንኙነቱ ይህ ነው፦ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እትዬ ናት። በወንዙ ዳር በተከራየችው መሬት ላይ ሰላጣ፣ ካሮትና ሽንኩርት እየተከለች፣ በወንዙ ውሃ እያጠጣች እኔን ኬሚስትሪ አስተማረች። እኔም ኬሚስትሪ ተምሬ ማቅለሚያ ቤት ገባሁ። የቀረውን ወንዙ ያውቀዋል።

እትዬ ቂም አትይዝም፤ ትናገራለች እንጂ። ባለፈው ዓመት ሰላጣዋን ስትነቅል ሥሩ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። አንድ ገዢ አገላብጦ አየውና «እማማ፣ ይሄ ደሞ ምን ዓይነት ዝርያ ነው?» አላት። «ወንድሜ ያወጣው ነው። የተማረ ነው» አለችው። ሰውየው ሳይገዛ ሄደ። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ሁለት እስር ገዛሁ።

3. ስለዚህ ጠጠሮቹን ሠራሁ። አሠራሩ ምሥጢር የለውም። ከእንጨት መሰንጠቂያ የሚጣለው ሰጋቱራ ከሸክላ አፈር ጋር ይለወሳል፣ ባቄላ ባቄላ እያከለ ይድበለበላል፣ አየር በማይገባበት ምድጃ ውስጥ ይከስላል። እንዲህ የተሠራ ጠጠር ውስጡ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች የሞሉበት ነው። ታንክ ውስጥ ተሞልቶ ቀለም ያዘለ ውሃ ሲያልፍበት ቀለሙ እላዩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ውሃው ብቻውን ይወጣል። ጠጠሩ ቀለም ሲጠግብ አይጣልም። በትኩስ ውሃና በጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ሲታጠብ የያዘውን ይለቃል፤ ተለቅልቆና ፀሐይ ላይ ደርቆ እንደገና ሥራ ይገባል። የለቀቀው ወፍራም ቀለምም በበርሜል ይጠራቀምና ከሌሎቹ ቀለሞች ጋር ተደባልቆ ጥቁር የገበር ጨርቅ ይነከርበታል። እነዚያው ጠጠሮች ከሃያ ጊዜ በላይ ታጥበው ሠርተዋል። በየእጥበቱ ከጉልበታቸው ጥቂት ይቀንሳል። የኔም ከዓመት ዓመት ይቀንሳል፤ ግን እስካሁን ያሸገኝ የለም።

ጠጠሩ የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ ቀለም እንደጠገበ መድረቅ። እንዲያ ከደረቀ ቀለሙ ውስጡ ይነክሳል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢያጥቡት አይለቅም። ክቡርነትዎ ይህችን ነጥብ እንዲይዙልኝ አሳስባለሁ፤ እመለስባታለሁ።

ውሃው በጠራ ሰሞን እትዬ እስከ ፋብሪካው በር ድረስ መጣች። «አንተ ልጅ፣ ሥራ አቆማችሁ እንዴ? አባረሩህ?»
«አላባረሩኝም። ውሃው ተጣርቶ ነው።»
«ማን አጣራው?»
«እኔ።»
ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እንግዲያው ሲያውቁብህ ያባርሩሃል» ብላኝ ወደ አትክልቷ ተመለሰች። በወቅቱ ስቄ ነበር።

4. የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ በየወሩ ይመጣሉ። ሠራተኞቻችን «ልክ ነው» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል፤ ምርመራቸውን ሁልጊዜ የሚዘጉት በዚህ ቃል ስለሆነ። ስልታቸው የታወቀ ነው። ከቦርሳቸው ጫፉ የተሸረፈ ነጭ ኩባያ ያወጣሉ። ከቱቦው አፍ ውሃ ይቀዳሉ። ኩባያውን ሳያፈስሱ፣ በጥንቃቄ፣ ጨርቅ ወደሚሰጣበት ግቢ ይዘው ይገባሉ። በዕለቱ ከተነከረው ጨርቅ ጋር ያስተያያሉ። ቀለሙ ከገጠመ ውሃው በእርግጥ ከእኛ የወጣ ነው ማለት ነው። «ልክ ነው» ይሉና ይፈርማሉ።

ይህ ስልት ከመሬት የመጣ እንዳይመስል እኔው ልመስክር። ከዓመታት በፊት አንድ ሌላ ፋብሪካ በቱቦው አፍ ላይ የቧንቧ ውሃ እየለቀቀ ተቆጣጣሪዎችን ሲያታልል ኖሯል አሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ከዚያ ወዲህ የሚመረመረው ውሃው ንጹሕ መሆኑ ሳይሆን እውነተኛ መሆኑ ሆነ። ሃሳቡ ይገባኛል። የማይገባኝ፣ ውሃው እውነተኛም ንጹሕም ሊሆን እንደሚችል ለማንም አለመታሰቡ ነው።

5. ማጣሪያው ሥራ ከጀመረ በኋላ ተቆጣጣሪው በመጡበት ዕለት የተነከረው ጨርቅ፣ እንደ ሳምንቱ ሁሉ፣ ቀይ ነበር። ተቆጣጣሪው ኩባያውን ከጨርቁ አጠገብ አደረጉ። ኩባያውን አዩ፣ ጨርቁን አዩ፣ የኩባያውን ቂጥ አዩ።

«ይሄ የእናንተ ውሃ አይደለም» አሉ በመጨረሻ።
«የኛው ነው። ተጣርቶ ነው» አልኳቸው።
«ጨርቁ ቀይ ነው።»
«አዎን።»
«ውሃው ግን ቀይ አይደለም።»
«እሱን እኮ ነው የሠራነው።»
«ታዲያ ቀዩ የት ሄደ?»

ክቡር ሆይ፣ ዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥሩ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ሥራ አስኪያጃችን እንኳ ማጣሪያውን የፈቀዱት ቀዩ የት እንደሚሄድ ሳይጠይቁ ነው። በደስታ ተቆጣጣሪውን እጃቸውን ይዤ ከቦይለር ክፍሉ ጀርባ ወዳለው በርሜል ወሰድኳቸው፤ ክዳኑንም ራሴ ከፈትኩላቸው። ቀዩ በሙሉ እዚያ ነበር። ኩባያቸውን ነከሩ፣ ወደ ጨርቁ ተመለሱ፣ አስተያዩ።

«ልክ ነው» አሉ።

የቦይለሩ ሠራተኛ ትከሻዬን ነካ አደረገኝና «በገዛ እጅዎ አስያዙን እኮ፣ ጋሼ» አለኝ።

6. በዚሁ መሠረት የወጣው ውሳኔ «ፋብሪካው ትክክለኛ ፍሳሹን በስውር በርሜል ሲያጠራቅም፣ በተመዘገበው ቱቦ ግን ምንጩ ያልታወቀ ንጹሕ ውሃ ሲለቅ ተገኝቷል» ይላል። ዐረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እንደ ዐረፍተ ነገር እንከን አላገኘሁበትም። የማጣሪያው ታንክ በሲባጎ ታስሮ በሰም ታሸገ፤ በርሜሉ በኤግዚቢትነት ተያዘ፤ ፍሳሹ «ያለ ምንም ጣልቃ ገብ መሣሪያ» በቀጥታ ወደ ወንዙ እንዲወርድ ታዘዘ።

ትእዛዙ ተፈጸመ። ተቆጣጣሪው ተመልሰው መጡ። ጨርቁ ቀይ፣ ውሃው ቀይ። «ልክ ነው» አሉ። በዚያው ሳምንት ሕግ አክባሪነታችንን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ደረሰን። ሥራ አስኪያጃችን በመስታወት አስገብተው ቢሮአቸው ውስጥ ሰቀሉት፤ እንዳይንጋደድም በውሃ ልክ አስለኩት። እሽጉን ለማስነሣት አብረን እንድናመለክት ብጠይቃቸው «መንግሥት ያሸገውን እኔ ልፍታ? አንተ ደግሞ፣ ሕግ አክብር እንጂ» አሉኝ። በኀዘን ነበር የተናገሩት። ኀዘናቸውን ግን ለጠጠር ማጠቢያ ይወጣ የነበረው የእንፋሎት ወጪ መቅረቱ በመጠኑ ያጽናናው ይመስለኛል።

7. ጉዳዩን በቃል ለማስረዳት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ነበር። አንድ እግሩ በጡብ በተደገፈው የኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ተራ ከጠበቅኩ በኋላ መዝገብ ቤት ገባሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ትሑት ሰው ናት፤ ወንበር ሰጥታኛለች።

«ጉዳይዎ ምንድን ነው፣ አባባ?»
«ማጣሪያ ታሽጎብኝ ነው።»
«ውሃው ተበላሽቷል?»
«አሁን ተበላሽቷል። ከመታሸጉ በፊት ጠርቶ ነበር።»
«እኛ የምንቀበለው ስለ ተበላሸ ውሃ ነው። ስለ ጠራ ውሃ የሚመለከተው ክፍል የለንም።»
«እንግዲያው ስለ ተበላሸው ልክሰስ።»
የፋብሪካውን ስም ጠይቃኝ ኮምፒውተሯን አየች። ፊቷ በራ። «እናንተ እኮ የምስክር ወረቀት አላችሁ። ምን ጎደለዎት?»

ዓይኔ መጋረጃዋ ላይ አረፈ። የእኛ ጨርቅ ነው። ጠቆር ያለ ቀይ፣ በግራ ጠርዙ በኩል ቀለም ያልያዘለት ሰንበር የሚታይበት። ያንን ሰንበር አይቼ ጨርቁ ይውደቅ ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ በቅናሽ ተሸጠ ማለት ነው። ጨርቁ እምቢ ያለው ቀለም በየት በኩል እንደወረደ ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። የምስክር ወረቀት አለን።

8. ጉዳዩ ለምን እንደሚያስቸኩል ላስረዳ። አንደኛ፣ ታንኩ የታሸገው ጠጠሮቹ ቀለም ጠግበው ሊታጠቡ በተዘጋጁበት ዕለት ነው። ከላይ እንዲይዙልኝ ያልኩት ነጥብ ይኸው ነው። እሽጉን አልነካሁም፤ አልነካምም። ነገር ግን ከታንኩ አናት የምትወጣ ቀጭን የአየር መተንፈሻ አለች፤ ትእዛዙም ስለ እሷ የሚለው ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት ሥራ ስገባ መሰላል ላይ ወጥቼ በዚያች መተንፈሻ ንጹሕ ውሃ አንጠባጥብላቸዋለሁ። የቦይለሩ ሠራተኛ «ጋሼ፣ መቼ ነው የሚበቅሉት?» እያለ ያሾፍብኛል። ውሃው የሚደርሰው ለላይኞቹ ብቻ ነው። የታችኞቹ እየደረቁ ነው።

ሁለተኛ፣ የእትዬ መሬት ባለቤት የዘንድሮው ተከላ ካልያዘላት ቦታውን ለመኪና አጣቢ ሊሰጥ ቁርጡን ነግሯታል። መኪና አጣቢው መጥቶ መሬቱን በእርምጃ ለክቶ ሄዷል። እትዬ መደቧን እየኮተኮተች «በዚህ ቀይ ውሃ ነው መኪና የምታጥበው?» አለችው።
«ምን ቸገረኝ፣ እማማ። ቀይ መኪና በቀይ ውሃ ይታጠባል።»
«ነጭ የመጣ ቀንስ?»
«ቀባነው ብለን እናስከፍላለን።»
እትዬ ይህን ስትነግረኝ ሳቀች፤ ልጁን ወዳዋለች። መሬቱን ግን ከወጣትነቷ ጀምሮ የያዘችው እሷ ናት፤ ከዚያ ሌላ የምታውቀው ሥራም የሚጠብቃት ቦታም የለም።

9. ክቡርነትዎ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከኔ ቢሰሙት ስለሚሻል የሚከተለውን አስታውቃለሁ። ታንኩ ሲታሸግ ታጥበው በቦይለር ክፍሉ ጣሪያ ላይ የተሰጡ ጠጠሮች ነበሩ። ውሳኔው «በታንኩ ውስጥ የሚገኙ» ስለሚል ጣሪያ ላይ ያሉትን አይመለከትም። በጆንያ አድርጌ ለእትዬ ወሰድኩላት፤ ቂጡ የተበሳ በርሜል ውስጥ ሞላንላት። ከወንዙ በባልዲ እየቀዳች ከላይ ታፈስሳለች፣ ከታች ጠርቶ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ቀን በእፍኟ ተቀበለችና «ድሮ እንዲህ ነበር» አለች። ችግኙ ይዟል።

ጠጠር ግን ይጠግባል። ሲጠግብ ወደ ቤቴ አምጥቼ በትልቁ ድስት አጥበዋለሁ። የሚለቀውን ቀለም በጀሪካን እያደረግኩ አልጋችን ሥር አስቀምጣለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን ስትጠርግ አገኘቻቸው። ክዳኑን ከፍታ አይታ «የሰው ባል አልጋ ሥር ጠርሙስ ይደብቃል፤ የኔው ወንዝ ደበቀ» አለችኝ። ጨምራም ድስቱን እንድተካ አዝዛኛለች።

10. አሁን አልጋው ሥር ቦታ አልቋል። ቀለሙን የት እንደማደርሰው አጣራሁ። ወደ ፋብሪካው በርሜል እንዳልመልሰው በርሜሉ ኤግዚቢት ነው። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ እንዳላመጣው የሚመለከተው ክፍል የለም። ውሳኔውን፣ የምስክር ወረቀቱንና የተቆጣጣሪውን ስልት አንድ ላይ ሳነብ፣ ለዚህ ቀለም በሕግ የተፈቀደለት ብቸኛ ማረፊያ ወንዙ ነው። በተመዘገበው ቱቦ አፍ ላይ ቆሜ ብደፋው ጥፋት የለብኝም፤ እንዲያውም ጨርቁ ቀይ በሆነ ቀን ከደፋሁት ልክ ነው።

እኔም ሕግ አክባሪ ነኝና አንዱን ጀሪካን ይዤ እስከ ቱቦው አፍ ሄድኩ። ክዳኑን ከፈትኩ። ከቱቦው አፍ ሆኖ ወደ ታች ሲያዩ የእትዬ መደብ ይታያል። ባልዲዋን ይዛ ወደ ወንዙ ትወርድ ነበር፤ ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁትና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ይህን ባለማድረጌ የጣስኩት መመሪያ ካለ ቁጥሩ ይገለጽልኝ።

ስለዚህ የሚከተሉትን በትሕትና እጠይቃለሁ፦

ሀ. የታችኞቹ ጠጠሮች ፈጽመው ከመድረቃቸው በፊት የታንኩ እሽግ እንዲነሣ፤

ለ. ተቆጣጣሪው ኩባያቸውን ይዘው እንዲመጡና እፊታቸው ጠጠር እንዳጥብ። «ቀዩ የት ሄደ?» የሚለውን ጥያቄያቸውን እንዲደግሙልኝ እፈልጋለሁ። ቀዩን ከጨርቁ እስከ ጠጠሩ፣ ከጠጠሩ እስከ በርሜሉ፣ ከበርሜሉ ተመልሶ እስከ ገበሩ ጨርቅ እግር በእግር እንከተለዋለን። የገበሩን ጨርቅ ሲያዩ ደግሞ ጥቁር በመሆኑ እንዳይደናገጡ ከወዲሁ አስታውቃለሁ፤

ሐ. እሽጉ አይነሣም የሚባል ከሆነ፣ ሕግ ለሁሉም እኩል ነውና የእትዬም በርሜል እንዲታሸግ። ሆኖም ሊያሽግ የሚመጣው ባልደረባዎ ምክንያቱን ራሱ እንዲያስረዳት አሳስባለሁ። እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም። የፋብሪካውን ማጣሪያ ለምን እንዳሸጉት ስነግራት «ውሃው ስለ ጠራ?» አለችኝ፤ አዎን ስላት ወደ ኩትኳቶዋ ተመለሰች። ጠዋት ጠዋት እዚያው ትገኛለች፤ ዶማዋም አብሯት ነው፤

መ. ለማንኛውም፣ አልጋዬ ሥር ላሉት ጀሪካኖች ከወንዙ ሌላ ማረፊያ እንዲመራልኝ።

ክቡርነትዎ ጊዜ ሰጥተው ይህን እስከዚህ ካነበቡ፣ ስለ ጠራ ውሃ የሚመለከተው ክፍል ተገኝቷል ብዬ አምናለሁ።

ከጠራ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካቹ፣
የማቅለሚያ ቤቱ የጥራት ክፍል ኃላፊ

አባሪ፦
— የእሽግ ትእዛዙ ቅጂ፤
— አንድ ጀሪካን፣ ክዳኑ የጠበቀ፣ ለበሩ ጥበቃ የተሰጠ። በስሕተት ቢፈስስም በመዝገብ ቤቱ ቀይ መጋረጃ ላይ አይታወቅም።

ግልባጭ፦
— ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፤
— ለታላቅ እኅቴ። ዓይኗ ስለ ደከመ እኔ አነብላታለሁ፤ ተራ ቁጥር 10 ሳይጨምር።